ለበዓል የሚቆም ቅርጽ፦ ማን አዘዘው? ማግስቱንስ ምን ሆነ?

እንደሚታወቀው ድርጅት ባዛር ሲገባ፣ ከተማ በዓል ሲያከብር ወይም ሆቴል ሲመረቅ መግቢያው ላይ አንድ ትልቅ ነገር ይቆማል። ጀበና ሊሆን ይችላል፤ አንበሳ፣ የአክሱም ሐውልት ወይም የእኛው ቤተ ጊዮርጊስ። ሰው አጠገቡ ፎቶ ይነሣል፤ በዓሉ ሲያልፍ ይፈርሳል። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ስለ ዝግጅቱ ስንጽፍ የተናጋሪዎቹን ቃል እንለቅማለን እንጂ የቆመውን ነገር ዞር ብለን አናየውም። ይህ አጭር ጽሑፍ ቅርጾቹ እንዴት እንደሚሠሩና ጋዜጠኛ ስለ እነሱ ምን መጠየቅ እንዳለበት ለማሳየት ይሞክራል።

አሠራሩ

ሥራው የሚጀምረው በትእዛዝ ነው። ሠሪው በመጀመሪያ በወረቀት ይነድፋል፤ ቀጥሎ ከጭቃ ወይም ከጄሶ ትንሽ ሞዴል ይሠራል። አዛዡ በሞዴሉ ከተስማማ በኋላ አጽሙ ከቱቦላሬ ወይም ከፌሮ ይበየዳል። ላዩ እንደ ገንዘቡ አቅም በኮምፔንሳቶ፣ በላሜራ፣ በፎም ወይም በፋይበር ግላስ ይሸፈናል። ስንጥቁ በስቱኮ ይደፈንና ቀለም ይቀባል።

ማሳደግ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የአንድን ድፍን ቅርጽ ቁመት፣ ወርድና ጥልቀት እጥፍ ብናደርገው ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትልልቆቹ ቅርጾች ውስጣቸው ባዶ ነው። ባዶ ሲሆኑ ደግሞ ንፋስ ይገፋቸዋል፤ በዚህም ምክንያት ከታች አሸዋ ወይም ሲሚንቶ ይጫንባቸዋል። በመኪና ለመጫን እንዲመቹም በክፍል በክፍል ተሠርተው ቦታው ላይ በቡሎን ይገጣጠማሉ።

አንድ ባዛር ላይ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ቤተ ጊዮርጊስ አይቼ ነበር። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን አጠገቤ የቆመ ልጅ «ይሄ ምንድን ነው፣ ሳጥን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ነው። ዋናው ቤተ ክርስቲያን ከአለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ስለሆነ መጀመሪያ የምናየው ከአፋፉ ላይ ቆመን ጣሪያውን ነው፤ መስቀሉም የሚታየው ከዚያ ነው። ባዛሩ ላይ ግን ቅርጹ ከሰው ቁመት በላይ ስለቆመ ጣሪያው ተደበቀ። ሠሪው ዝቅ ቢያደርገው ወይም ጥቂት ቢያዘነብለው ኖሮ መስቀሉ ይታይ ነበር። ቅርጽ ትክክል ሆኖም ተመልካቹ የሚቆምበት ቦታ ካልታሰበ ነገሩ ይጠፋል ማለት ነው።

ያለ አዛዥ የሚቆም

እኔ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የብልባላ ልጅ ነኝ። እኛም ከአለት የተፈለፈሉ የራሳችን ጊዮርጊስና ጨርቆስ አሉን። ልጅ ሆኜ ለበዓል ሲቆም የማውቀው ቅርጽ ግን ደመራ ነው። ደመራም ንድፍ አለው፦ መሐሉ ላይ ረጅሙ እንጨት ይተከላል፣ ዙሪያው በችቦ ይደገፋል፣ በአደይ አበባ ያጌጣል። የሚከፍልበት የለም፤ እንጨቱ ከየቤቱ ይመጣል። ሲቃጠል ወዴት እንደወደቀ ሁሉም ያያል፤ ከአመዱም ግንባሩ ላይ ይቀባል። ማን አቆመው ቢባል መልሱ «እኛ» ነው፤ ማግስቱንም ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

የ1977ቱ በዓል

በሌላው ጫፍ ያለው ምሳሌ ይህ ነው። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. አሥረኛው የአብዮት በዓል በአዲስ አበባ ተከበረ፤ በዚያው ሰሞን ኢሠፓ ተመሠረተ። ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ከተማዋን በቅስቶችና በመፈክሮች አስጌጡ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የሚገኘው፣ 50 ሜትር ያህል ቁመት ያለውና ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ ያለበት የትግላችን ሐውልት የዚያ በዓል ሥራ ነው። የካርል ማርክስ ሐውልትም በዚያው ወቅት ከምሥራቅ ጀርመን በስጦታ መጣ።

በዚያው መስከረም በወሎ ሕዝብ በረሀብ እያለቀ ነበር። የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን በበዓሉ ተጠምደው ነበር። የቢቢሲው ማይክል በርክ ዘገባ፣ መሐመድ አሚን ከኮረም ከቀረጸው ፊልም ጋር፣ ዓለምን ያስደነገጠው ጥቅምት 13 ቀን ሲሆን በዓሉ ካለፈ 41 ቀን ሆኖት ነበር።

አያቴን ለዚህ ጽሑፍ ስል «እማማ፣ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ትልቅ ሐውልት መቆሙን ሰምተው ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቅ አለችና «ልጄ፣ እኛ ኮረም ስንደርስ ማን ቆሞ ማን እንደወደቀ ነበር የምንቆጥረው» አለችኝ። ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አቃተኝ።

ሐውልቱን የሠሩት እጆች ጥፋተኞች ናቸው ማለቴ አይደለም። ዛሬም ብየዳውና ቅርጹ ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ታዝዞ የሚቆም ቅርጽ የሚናገረው ያዘዘውን ሰው ቃል ነው፤ ያላዘዘው ሰው ቃል እዚያ ላይ አይገኝም። ያንን ፈልጎ ማምጣት የኛ ሥራ ነው።

ለማጠቃለል

ከእንግዲህ ስለ ምረቃም ሆነ ስለ ባዛር ስንጽፍ ሦስት ጥያቄ ብንጨምር መልካም ይመስለኛል። አንደኛ፣ ማን አዘዘው፣ ስንት ወጣበት፣ ሠሪዎቹስ እነማን ናቸው? (የአዛዡ ስም በትልቁ ሲጻፍ የበያጁ ስም የትም የለም።) ሁለተኛ፣ ከየት ቆሞ እንዲታይ ነው የተሠራው፣ ከዚያ ቦታ የማይታየውስ ምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ማግስቱን የት ይገባል? የአዲስ አበባው የሌኒን ሐውልት ግንቦት 1983 ዓ.ም. ተገንድሷል፤ ትግላችን እስከ ዛሬ ቆሟል፤ የባዛሩ ኮምፔንሳቶ የት እንደተጣለ ግን የጠየቀ የለም።

የደመራውን አመድ ሁላችንም ግንባራችን ላይ ይዘን ወደ ቤት እንሄዳለን። ሌላውንም ቢያንስ በማስታወሻ ደብተራችን ይዘን እንሂድ።