መብራቱ አምባሰልን ለምን አይሰማም?

ከሙዚቃ ጋር የሚርገበገብ የኤል.ኢ.ዲ. ጥብጣብ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ቤቱ የዘረጋ ሰው፣ በዳንስ ሙዚቃ የደመቀው መብራት በወሎ ስፍራዎች የተሰየሙት አምባሰልና ባቲ በማሲንቆ ሲሰሙ ቢፈዝበት ዕቃው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን መብራቱ ዜማ አያውቅም። መቆጣጠሪያው በማይክሮፎን የገባውን ድምፅ በድግግሞሽ ይከፋፍልና በተመረጠው ክፍል ያለውን ጉልበት ብቻ ወደ ብርሃን ይለውጣል። ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው በ100 ሄርዝ አካባቢ ያለው ወፍራም የቤዝና የከበሮ ድምፅ ነው። የማሲንቆ ድምፅ በአብዛኛው ከዚህ በላይ ስለሆነ፣ መቆጣጠሪያው ከፈቀደ ከ200 እስከ 2000 ሄርዝ ያለውን ክፍል መምረጥ ይሻላል። ክረምት ላይ ያለ ዘፈን ቢበራም አያስደንቅም፤ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዝናብ እየሰማ ነውና የመነሻ መጠኑን ከፍ ማድረግ ነው።

የጥብጣቡ ጫፍ ከነጭነት ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቀይ ካደላ ግን ችግሩ ከኮረንቲው ነው። በ5 ቮልት የሚሠራ፣ በሜትር 60 መብራት ያለው የ5 ሜትር ጥብጣብ 300 መብራቶች አሉት። እያንዳንዱ በሙሉ ነጭ ብርሃን እስከ 60 ሚሊአምፔር ቢወስድ ድምሩ 18 አምፔር ይሆናል! ይህ ሁሉ በቀጭን መዳብ ሲያልፍ ቮልቴጁ ይወርዳል። ቀዩ በ2 ቮልት ገደማ ሲበራ፣ ሰማያዊውና አረንጓዴው 3 ቮልት ያህል ስለሚሹ ቀድመው ይደክማሉ። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩን ከ220 ቮልቱ ሶኬት ነቅሎ፣ ከእርሱ በሚወጣ ወፍራም ሽቦ የጥብጣቡን ሌላ ጫፍም ማገናኘት ያስፈልጋል። መብራቶቹ ያለ ሥርዓት የሚብለጨለጩ ከሆነ ደግሞ በቅድሚያ የሚመረመረው የመቆጣጠሪያው፣ የጥብጣቡና የፓወር ሰፕላዩ ኔጌቲቭ ሽቦዎች መገናኘታቸው ነው።