የሌጎው ጡብ ከመርካቶው ይጋጠማል?

ጥያቄ፦ እህቴ ለልጆቼ ሌጎ ላከችልኝ። ከመርካቶ የገዛሁት ስም የሌለው የፕላስቲክ ጡብም አለኝ። ትንሹ ልጄ ደግሞ በሌጎ ትልልቅ ጡብ፣ በዱፕሎ ነው የሚጫወተው። አንድ ላይ ይሠራሉ? (እናት፣ ከቄራ)

መልስ፦ ከጠበቁት በላይ ይስማማሉ። መጀመሪያ ማስመሪያ ያንሱ። የሌጎ ጉብታዎች ከመሐል እስከ መሐል 8 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ስለዚህ አሥር ጉብታ ያለው ርዝመት ወደ 80 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የመርካቶውም እንዲሁ ከሆነ ይገጥማል። ላልቶ ከወደቀ ከታች ሳይሆን ከላይ፣ ለጣሪያ ያድርጉት። ሙጫ ግን አይቀቡ፤ አንዴ ከተጣበቀ መጫወቻነቱ አበቃ።

መመሳሰሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ሌጎ ጡቡን ያስመዘገበው በ1958 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱ ዘመን ስላለፈ ሌሎችም ተመሳሳዩን ይሠራሉ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2005 እ.ኤ.አ. ለተፎካካሪው ለሜጋ ብሎክስ ፈርዷል።

ዱፕሎ በቁመትም በወርድም የሌጎ እጥፍ ነው። ባለ ስምንት ጉብታው የሌጎ ጡብ ዱፕሎ ላይ ይቀመጣል፤ ስሱ ጠፍጣፋው ግን አይመችም። ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ትንንሾቹን አያስጠጉ፤ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራሉ።

ጭራሽ የማይገጥሙትንስ? ጎላን ሌቪንና ሾን ሲምስ የተባሉ ነዳፊዎች በ2012 እ.ኤ.አ. አሥር ዓይነት መጫወቻዎችን የሚያገናኙ ወደ 80 የሚጠጉ ማያያዣዎች ነድፈው በነፃ አሰራጭተዋል፤ በባለ ሦስት አውታር (3ዲ) ማተሚያ ይታተማሉ። ማተሚያው ከሌለ፣ የሰፈራችን ልጆች የሽቦ መኪና የሚሠሩበት ሽቦ፣ ለጎማም ቆርኪ ይበቃል። የሽቦውን ጫፍ ግን አጥፈው ይስጧቸው።