ማት በወታደር

እ.ኤ.አ. በ1861 «ኢራ» የተባለ የለንደን ጋዜጣ አንድ የቼዝ እንቆቅልሽ አወጣ። ነጭ በአምስት እርምጃ፣ ያውም ማንም ባልጠበቀው ጠጠር፣ ማት እንዲያደርግ ይጠይቃል። ደራሲው ሳም ሎይድ የሃያ ዓመት አሜሪካዊ ነበር።

ሎይድ እንደተረከው፣ አንድ ወዳጁ ማት የሚሰጠውን ጠጠር አይቶ መለየት እንደማያቅተው ይናገር ነበር። ሎይድ በእራት አስያዘውና ማት ፈጽሞ የማይሰጠውን እንዲመርጥ ጠየቀው። ወዳጁም ከመነሻዋ ንቅንቅ ያላለች አንዲት ወታደር መረጠ። ያቺው ወታደር ሁለት ካሬ ተራመደች፤ ሩክ በላች፤ አንድ ካሬ ገፋች፤ ደግማ በላች። በአምስተኛው እርምጃ ሌላ ጠጠር በልታ መጨረሻው ረድፍ ላይ ንግሥት ሆነች። ማት!

አባቶቻችን ይህን ቢያዩ እንዴት በተደሰቱ! እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ የጻፈለት የኛ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ማሸነፍን ብቻ አያይም ነበር፤ በምን እንደተሸነፈም ይጠይቅ ነበር። በሩክ ወይም በፈረስ የተሰጠ ማት ብዙም አያስመሰግንም ነበር። በወታደር ከሆነ ግን ተጫዋቹ ይወደስ ነበር። ይህን ልማድ እጅግ እወደዋለሁ።

ያልተጠበቀችው ወታደር ታሪክ ለድሬዳዋም ሩቅ አይደለም። የጅቡቲው ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ተራራውን መውጣት ከባድና ውድ ሆነ፤ ሐዲዱም እ.ኤ.አ. በ1902 ከተራራው ግርጌ፣ ከሜዳው ላይ ደረሰ። የከዚራ ሰፈር የተቆረቆረው፣ የመጋላ ሰፈር የደመቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ሐረር ስትጠበቅ ድሬ ከተማ ሆነች።

አሁን የእንቆቅልሽ ደራሲው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራል። ንጉሡን መውጫ ያሳጣዋል፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመልስና ይቺ ጠጠር ከየት መጣች ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ እያንዳንዷን ጠጠር አንስቶ ይሞክራል። እንቆቅልሹ ያለ እሷ ከሠራ፣ ቦታ የላትም፤ ትወጣለች። ያላሰበው ሌላ መፍትሔ ከተገኘ ደግሞ የሳምንታት ድካሙ ይፈርሳል፤ እንደገና ይደረድራል። ተጋጣሚ የለውም፤ ሰዓት የሚቆጥርበት ዳኛም የለም። ትዕግሥቱን የሚያመጣው ከራሱ ነው።

ካፒታል እስኪገኝ፣ ዘመድ እስኪልክ፣ ውጭ እስኪሳካ የምትጠብቁ ወጣቶች ሆይ፣ እናንተ የምትጠብቁት ሩኩን ነው። ወታደሯ ግን እጃችሁ ላይ አለች። ሞተር መፍታት የሚችል እጅ፣ ልብስ ስፌት፣ ከሱማሊኛና ከኦሮምኛ እስከ አማርኛ የሚያግባባ የድሬ አንደበት፣ ይህ ሁሉ ተቆጥሮ የሚያልቅ ሀብት አይደለም። ጋራዥ መክፈት የሚፈልግ ልጅ የተከፈተውን ጋራዥ አስቀድሞ በዓይነ ሕሊናው ይይ፤ ከዚያ ይመለስ። ከመክፈቱ በፊት ምን ነበረ? ደንበኛ። ከደንበኛው በፊትስ? በሰው ጋራዥ የተገኘ ስም። ከስሙ በፊት? አንድ የመፍቻ ሣጥንና አንድ ታማኝ አሠሪ። እንግዲህ ነገ ጠዋት የሚጠየቀው አሠሪው ነው።

ዛሬ ሙቀቱ በረድ ሲል አንድ ወረቀት ያዙ። ግባችሁን ከገጹ ግርጌ ጻፉና ወደ ላይ ውጡ፤ የማያስፈልገውን ሰርዙ። ከላይ የቀረችው እርምጃ በዚህ ሳምንት የምትሠራ ካልሆነች፣ ከእሷ በፊት ያለችውን ፈልጉ።