ዶሮ ወጥና ወይን ጠጅ፤ ውድ ሁሉ አይስማማም

ከጥቂት ሳምንታት በፊት የጤፍ ዋጋ ለማጣራት መርካቶ እህል በረንዳ ወርጄ ነበር። ሁልጊዜ ዋጋ የሚነግሩኝ አንድ አዛውንት ነጋዴ ያን ዕለት ስለ ጤፍ ብዙም ማውራት አልፈለጉም። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ስለ ወይን ጠጅ የምታውቀው ነገር አለ?» አሉኝ። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ መሆኑን ብነግራቸውም ሰበቡን አልተቀበሉኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የሙት ዓመቱ ሥርዓት በቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። ሰውየው ግን በጥር ወር የተጋቡበትን ቀንም መተው አልፈለጉም። «ሙት ዓመቱ የሁሉም ነው፤ ይሄኛው የእኔና የእሷ ነው» ይላሉ። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ቀኑ ሲደርስ ሚስታቸው ይሠሩት እንደነበረው ዶሮ ወጥ ራሳቸው ሠርተው፣ ልጆቻቸውንና የባለቤታቸውን እህት እራት ጠሩ። በርበሬውን ያዘጋጁት እኚሁ እህት ናቸው። ለወይኑ ደግሞ ሻጩ «ለትልቅ ቀን የሚሆነው ይሄ ነው» ያላቸውን፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ካበርኔ ሶቪኞ ሁለት ጠርሙስ ገዙ። ዋጋው ከአገር ውስጡ ከእጥፍ በላይ ነበር።

እራቱ አልሆነም። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ጉንጭ ወይን፣ ከዚያ ሁሉም ውኃ ፍለጋ። ወጡ እንደ እሳት አቃጠለ፣ ወይኑ መረረ። ልጆቹ በጨዋነት ዝም አሉ። ብርጭቆዎቹ ግን እንደ ተሞሉ ተነሡ። ሰውየውን ያሳዘናቸው የወጣው ገንዘብ አይደለም። «የእሷን እጅ መያዝ አቃተኝ» አሉኝ። ለዘንድሮ ምግቡን ከሆቴል ለማዘዝ አስበው ነበር።

እኔ የጠየቅኳቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እሳቸው በሕይወት ሳሉ ከዶሮ ወጥ ጋር ምን ይጠጡ ነበር? ትንሽ አመነቱ። «እሷማ ጉደር ነበር የምትወደው፤ እኩል ለእኩል በለስላሳ እየቀላቀለች። በሰው ፊት እንዳታደርገው እቆጣት ነበር» አሉኝ።

የወይን ጠጅ አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። እስቲ እንደ ነጋዴ በሂሳብ እንየው።

በርበሬ ውስጥ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ይህ ነገር የሚሟሟው በስብ እንጂ በውኃ አይደለም፤ ንጥር ቅቤውና አጠገቡ የሚቀርበው አይብ ቃጠሎውን የሚያበርዱት ለዚህ ነው። በወይን ጠጅ ውስጥ ያለው ከ12 እስከ 14 በመቶ የሚደርስ አልኮል ካፕሳይሲንን አጥቦ ለመውሰድ አይበቃም። ይልቁንም ያንኑ የማቃጠል ስሜት የሚያስተላልፈውን ነርቭ ይቀሰቅሳል። በዚህ ላይ ካበርኔን የመሰለ ጠንካራ ቀይ ወይን ታኒን አለው፤ በጣም የቆየ የሻይ ቅጠል ምላስ ላይ የሚተወውን ድርቀት ያስታውሷል። ታኒን ከሥጋ ጥብስ ጋር ግሩም ነው። በተቃጠለ ምላስ ላይ ሲያርፍ ግን ምሬት ይሆናል። ስኳር ደግሞ የሁለቱንም ስሜት ያለዝባል። የሰውየው ዶሮ ወጥ ጥፋት አልነበረበትም ማለት ነው፤ ወይኑ ነው እሳት የጨመረበት።

አሁን የሟቿን ብርጭቆ እናስላ። ጉደር ጣፋጭ ያልሆነ፣ በተለምዶ «ድራይ» የምንለው ቀይ ወይን ነው። አልኮሉን 12 በመቶ እንበል። እኩል ለእኩል ሲቀላቀል ወደ 6 በመቶ ይወርዳል፤ ታኒኑም በግማሽ ይቀንሳል። ለስላሳ መጠጥ በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 10 ግራም ስኳር ስላለው፣ ድብልቁ በሊትር 50 ግራም ያህል ስኳር ይኖረዋል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ በሊትር 45 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር ያለው ወይን «ጣፋጭ» ተብሎ ይሸጣል። እንግዲህ ሴትየዋ ማንም ሳያስተምራቸው፣ በገዛ ማዕዳቸው ላይ፣ ለበርበሬ የሚስማማውን ጣፋጭና አልኮሉ ዝቅ ያለ ወይን ይሠሩ ነበር። ይህን ስነግራቸው ሰውየው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

በኢኮኖሚክስ ትምህርት ተደጋጋፊ ሸቀጦች የሚባሉ አሉ። እኛ የተማርነው በሻይና በስኳር ምሳሌ ነበር። ምግብና ወይንም እንደዚያው ናቸው፤ የአንዱ ዋጋ ብቻውን ስለ ጥምረቱ አይናገርም። ከውጭ በሚገባ ጠርሙስ ዋጋ ውስጥ ማጓጓዣ፣ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይስ ታክስ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ ተደምረዋል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን መደረጉም አለበት። የአገር ውስጡም ኤክሳይስና ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል፤ የባሕር ጉዞውና የመግቢያው ቀረጥ ግን የለበትም። ስለዚህ ውድ ጠርሙስ የሚገዛ ሰው የከፈለው ገንዘብ ትልቁ ክፍል ከወጡ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይገዛ? መለስለሱን በብርጭቆ ውስጥ መሥራት የማይፈልግ ሰው፣ በጠርሙሱ ላይ «ሚዲየም ስዊት» የሚል ጽሑፍ ይፈልግ። ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ምርቶች ከጉደር ይልቅ ጣፋጩ ቀይ አክሱሚት ለዶሮ ወጥ ይቀርባል። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዝዋይ ላይ ወይን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ምርቱን ለገበያ ያቀረበው ካስትል ደግሞ አካሺያ በሚለው ስም ሚዲየም ስዊት ቀይ አለው። የዚሁ ድርጅት ሪፍት ቫሊ ካበርኔ ሶቪኞ ለጥብስ ይቆይ። አልጫ ለሚበሉ ሻርዶኔው ይበቃል። ጥሬ ወይም ለብለብ ክትፎ ቅቤ ስላለው ድራይ ቀይ ይችላል፤ ሚጥሚጣው ከበዛ ግን ተመልሰን ወደ ጣፋጩ ነው።

እንጀራውንም አንርሳ። ኮምጣጣ ምግብ ኮምጣጤነት የጎደለውን ወይን ሙት ያደርገዋል። ጣፋጭ ሆኖ ጭራሽ ኮምጠጥ የማይል ወይን ከእንጀራ ጋር እንደ ሽሮፕ ይሆናል። ጠጅ ከዶሮ ወጥ ጋር የተስማማው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የማሩ ጣፋጭነትና የጌሾው ምሬት አብረው አሉበት። ችግሩ የአንዱ ቤት ጠጅ ከሌላው ቤት፣ የዛሬው ከትናንቱ አለመመሳሰሉ ነው።

የጋብቻው ቀን ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ቢውልና ቤቱ ጿሚ ከሆነ፣ ለምስር ወጥና ለቀይ ሽሮም የሚሠራው ይኸው የበርበሬ ሕግ ነው። ቅቤውና አይቡ ስለማይኖሩ ጣፋጩ የበለጠ ያስፈልጋል።

ስለ ወጡ እኔ ለማስተማር አልደፍርም። አንድ ነገር ግን ከወይኑ ጋር ይያያዛል። ሽንኩርቱ በዝቶ፣ ቅቤ ሳይገባበት በለሆሳስ እሳት በደንብ ከበሰለ የራሱ ጣፋጭነት ይወጣል። ቁሌቱ የተቻኮለበት ወጥ ግን የትኛውንም ወይን ያስቸግራል።

ሌላው ስህተት ሙቀት ነው። «ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም» የሚለው አባባል ለዚህ ማዕድ አይሠራም። ወይኑ ሲሞቅ አልኮሉ ጎልቶ ይሸታል፤ በርበሬው ላይም ይብሳል። ጣፋጩን ቀይ ከእራቱ በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ 45 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። መጠኑን በተመለከተ፣ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በልኩ ሲቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ለስድስት ሰው ሁለት ጠርሙስ በቂ ነው። የተረፈው ቡሹ ተመልሶ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።

ይህን ሁሉ ካዳመጡ በኋላ ነጋዴው የእህል በረንዳን ሕግ አስታወሱኝ። «ከጆንያው እፍኝ ሳላወጣ ገዝቼ አላውቅም። ያን ዕለት ግን ጠርሙስ ስለሆነ አፈርኩ» አሉ። ትክክል ናቸው፤ አንድ አንድ ጠርሙስ አስቀድሞ ገዝቶ፣ ለብቻው ሳይሆን ከራሱ ከወጡ ጋር መቅመስ ይገባል። ወይን ያለ ምግብ ሲቀመስ ሌላ ነው፤ የግሮሰሪው ምርጫ እራት ላይ የሚከዳውም ለዚህ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ደወሉልኝ። ትንሽ ዶሮ ወጥ ሠርተው ከሚስታቸው እህት ጋር ሦስት ዓይነት ቀምሰዋል፤ አክሱሚት፣ አካሺያ፣ እንዲሁም ጉደር በለስላሳ። እህትየው አካሺያውን መርጠዋል። ለልጆቹም እሱ ይገዛል። እሳቸው ግን ሦስተኛውን ሲቀምሱ ወጡ እንደ ድሮው ሆነልኝ አሉ። የሆቴሉን ትእዛዝ ትተውታል። ሽንኩርቱን የሚከትፉት ራሳቸው ናቸው፤ ለስላሳውም ተደብቆ ሳይሆን ከነጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ይቀርባል።