ሆደ ቡቡ ብትባል

ወዳጄ ሆይ፤ በሰው መከራ ፊት ዓይንህ እንባ ሲያቀርር ባልንጀሮችህ «ሆደ ቡቡ» ብለው ስቀውብህ ይሆናል። «የወንድ ልጅ እንባው በሆዱ» የሚለውንም ተረት እየሰማህ አድገሃል። ስለዚህ ልብህን ማደንደን ጀምረህ እንደ ሆነ፥ ሳትፈጽመው ይህን አንብብ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በሶልፌሪኖ ታላቅ ጦርነት ሆነ፤ በአንድ ቀን ወደ 40,000 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፥ ቆሰሉም። በዚያን ጊዜ ሄንሪ ዱናን የሚባል የዤኔቭ ነጋዴ ስለ ንግዱ ከሦስተኛው ናፖሊዮን ጋራ ሊነጋገር ወደዚያ መጥቶ ነበር። ሐኪምም ወታደርም አልነበረም። ነገር ግን በካስቲልዮኔ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የወደቁትን ቁስለኞች ባየ ጊዜ አልፎ መሄድ አልቻለም። ውሃ አጠጣ፤ ቁስል አጠበ፤ የሚሞቱትም ለወላጆቻቸው የሚልኩትን ቃል ተቀብሎ ጻፈ። ሠረገላውን ወደ ብሬሺያ ልኮ ሎሚና ስኳር፥ ሸሚዝም፥ ትምባሆ እንኳ ሳይቀር አስገዛላቸው። ወገንና ጠላት ሳይለይ ሲራራ ያዩት የከተማይቱ ሴቶችም እንደ እርሱ አደረጉ።

ያን ቀን ብዙ ጀግኖች ይህንኑ አይተዋል። ዱናን ከእነርሱ በምን በለጠ? ሌላው የለመደውን እርሱ መልመድ አቃተው። ያየውን በ1862 በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1863 በኋላ ቀይ መስቀል የተባለው ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1864 ዐሥራ ሁለት መንግሥታት የዤኔቭን ውል ፈረሙ። በአገራችንም ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም. ቆመ፤ የኢጣልያ ጦር ከመግባቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው።

ሆደ ቡቡነትን ግን ከሆደ ባሻነት ለይ፤ እኔም ብዙ ዘመን ሁለቱን አንድ አድርጌአቸው ነበር። ሆደ ባሻ በትንሽ ቃል ይቀየማል፤ እንባውም ለራሱ ነው። ሆደ ቡቡ የሚያለቅሰው ለሌላው ነው፤ እንባውንም ጠርጎ ውሃ ሊቀዳ ይነሣል። ጌታችንም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ከማርያም ጋራ አለቀሰ፤ ከዚያም ድንጋዩን አንሡ አለ።

ዱናን በ1867 ከስሮ ገንዘቡን ሁሉ አጣ፤ ብዙ ዓመትም በድኽነት ኖረ። በ1901 የመጀመሪያው የኖቤል የሰላም ሽልማት ለእርሱና ለፍሬደሪክ ፓሲ ተሰጠ። በ1910 በስዊስ አገር በሃይደን መንደር ሲሞት ግን በኑዛዜው፥ በዚያ መንደር ሆስፒታል ለድኻ በሽተኛ አንድ አልጋ ሁልጊዜ ያለ ዋጋ እንዲዘጋጅ ገንዘብ ትቶ ተገኘ።