የብርቱካን ወይም የሎሚ ችግኝ ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ችግኝ ሻጩ ፊት የተደረደሩት ብርቱካን፣ መንደሪንና ሎሚ ገና ጨቅላ ሳሉ ቅጠላቸው ይመሳሰላል። የገዙት ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቁት ሲያፈራ ነው፤ ያ ደግሞ ዓመታት ይወስዳል። በደንብ የተያዘ ዛፍ ከ30 ዓመት በላይ ስለሚያፈራ ውሳኔው ለልጆችዎም ጭምር ነው። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የሚከተሉትን ይመርምሩ።

የትኛውን ነው የሚፈልጉት?

ዛሬ የምንበላቸው አብዛኞቹ የዚህ ዘር ፍሬዎች ከጥቂት የእስያ ቅድመ አያቶች የተወለዱ ናቸው፤ ዋናዎቹ ትርንጎ፣ ፖሜሎና መንደሪን ናቸው። ብርቱካን የፖሜሎና የመንደሪን ልጅ ነው። ቢጫውና ሞላላው የውጭ ሎሚ ከመራራ ብርቱካንና ከትርንጎ ተወለደ። እኛ ሎሚ የምንለው ትንሹ፣ ክቡና ልጣጩ ስስ የሆነው ደግሞ ከትርንጎና ከአንድ የደቡብ ምሥራቅ እስያ የዱር ዘመድ የመጣ ነው። ግሬፕፍሩት የሁሉም ታናሽ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በካሪቢያኗ ባርቤዶስ ፖሜሎና ብርቱካን ተዳቅለው የተገኘ ነው።

የትውልድ ሐረጉን ማወቅ ጥቅሙ ጠባያቸውን መለየት ነው። ትርንጎና ሎሚ ብርድ አይችሉም፤ ውርጭ አንድ ሌሊት ቢመታቸው ሊደርቁ ይችላሉ። የመንደሪን ዛፍ የተሻለ ይቋቋማል። ጭማቂ ፈልገው ትርንጎ ከተከሉ ያዝናሉ፤ ሀብቱ ወፍራም ልጣጩና መዓዛው ነው። አይሁዳውያን በዳስ በዓል እንከን የሌለውን አንድ ትርንጎ መርጠው በውድ የሚገዙትም ለጭማቂው ብለው አይደለም።

ግቢዎ ምን ያህል ከፍታ ላይ ነው?

የብርቱካን ዘር ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ እድገቱን ያቆማል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች ለዛፉ የጾም ወቅት ናቸው። በስማቸው የምናውቃቸው የብርቱካን እርሻዎች፣ የላይኛው አዋሽም ሆነ የኤረር ጎታ፣ ሞቃት ቦታ ላይ በመስኖ የለሙ መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ደጋ ላይ መትከል ፈጽሞ አይቻልም እያልኩ አይደለም። ከነፋስ የተከለለ፣ ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ሥር ሎሚ ሊያፈራልዎ ይችላል፤ ጣፋጭ ብርቱካን ግን ከዚያ ብዙ አይጠብቁ።

ቆላ ላሉት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ልጣጩ ብርቱካናማ የሚሆነው ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ሌት ተቀን በሚሞቅ አገር ፍሬው ውስጡ በስሎ ላዩ አረንጓዴ ሊቀር ይችላል። ቀለሙን ሲጠብቁ ዛፉ ላይ አያበላሹት፤ አንድ ቆርጠው ይቅመሱ። ከተቆረጠ በኋላ እንደ ሙዝ እየጣፈጠ አይሄድምና ያልበሰለውን ለቅሞ ማስቀመጥ አይረባም።

ውሃው ይቆማል ወይስ ይወርዳል?

ዋልካ አፈር ላይ ውሃ ከቆመ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ግንዱ ታች አካባቢ ተሰንጥቆ ሙጫ ማፍሰስ ይጀምራል። ጉድጓድ ይቆፍሩ፣ ውሃ ይሙሉበት፣ በማግስቱ ይዩት። ውሃው ካልወረደ አፈሩን ከፍ አድርገው ክምር ላይ ይትከሉ። ሲያጠጡም ውሃው ግንዱን እንዳይነካ ዙሪያውን ቦይ ያውጡ።

ችግኙ ከየት መጣ?

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የአገራችንን ብርቱካን የጎዱት ክፉ በሽታዎች ከቦታ ወደ ቦታ የሚጓዙበት አንዱ ዋና መንገድ ችግኝ ነውና።

የቅጠልና የፍሬ ነቁጥ የሚባለው የሻጋታ በሽታ መጀመሪያ የታወቀው በአንጎላና በሞዛምቢክ ነው። እኛም ዘንድ ገብቶ እርጥበት የሚበዛባቸውን የደቡብና የደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ክፉኛ ጎድቷል። በሽታው የያዘው ቅጠል ላይ ቢጫ ክብ የከበበው ግራጫ ወይም ቡናማ ነቁጥ ይታያል። እንዲህ ያለ ነቁጥ አንድ እንኳ ካዩ ያንን ችግኝ አይውሰዱ።

ሌላው በሽታ የከፋ ነው፤ መድኃኒት አልተገኘለትም። አምጪው ባክቴሪያ በዛፉ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ይኖራል፤ የሚያዛምቱት ጭማቂ መጣጭ የሆኑ ጥቃቅን ተባዮች ናቸው። የአንዷ ተባይ ሳይንሳዊ ስም ኤርትራን ያነሳል፤ በ1918 እ.ኤ.አ. ተመዝግባ ስም ያገኘችው ከዚያ በተገኘ ናሙና ነው። በሽታው በያዘው ዛፍ ላይ አንዱ ቅርንጫፍ ብቻ ይበጫል፣ የቅጠሉ ግራና ቀኝ ቢጫነት አይመሳሰልም፣ ፍሬው ጠማማና መራራ ይሆናል። በ2005 እ.ኤ.አ. የበሽታው የእስያ ዓይነት በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ በሽታው ከአውሎ ነፋሶች ጋር ተዳምሮ የግዛቷን የብርቱካን ምርት ከ90 በመቶ በላይ አወረደው። ይኸው ዓይነት ኢትዮጵያ ውስጥ መገኘቱም በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ስለዚህ ከአሜሪካም ይሁን ከሌላ አገር ለዘመድ ብሎ ቅርንጫፍ ወይም ችግኝ በሻንጣ ማምጣት ደግነት ቢመስልም የጎረቤትን ዛፍ ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል። ችግኝዎን እናት ዛፉን ሊያሳይዎ ከሚችል ጣቢያ ይግዙ።

ከዘር ወይስ የተዳቀለ?

ብዙዎቹ የብርቱካንና የሎሚ ዘሮች እናታቸውን የሚመስል ችግኝ ይሰጣሉ፤ ፖሜሎና ትርንጎ ግን ያስታሉ። ዘሩን ከፍሬው እንዳወጡ ይዝሩት፣ ከደረቀ ይሞታል። ችግሩ ትዕግሥት ነው፤ ከዘር የበቀለ ብርቱካን እሾሃም ሆኖ ለማፍራት 7 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። የተዳቀለው፣ ማለትም በሌላ ዛፍ ሥር ላይ የተጣበቀው፣ በ3 ወይም በ4 ዓመት ይጀምራል። ሲተክሉት የተጣበቀበት ቦታ ከአፈር በላይ መቅረቱን ያረጋግጡ፤ ከዚያ በታች የሚወጣውን ቡቃያ ሁሉ ይንቀሉ፤ ቡቃያው የሥር ሰጪው እንጂ የገዙት ዓይነት አይደለም።

ቤት ውስጥ ማን አለ?

ግሬፕፍሩት፣ ፖሜሎና መራራ ብርቱካን አንዳንድ መድኃኒቶች በደም ውስጥ ከሚገባው በላይ እንዲበዙ ያደርጋሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ አንዳንድ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ይገኙበታል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ አስቀድመው ፋርማሲስት ይጠይቁ። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ ሳይታጠብ ፀሐይ ቢያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል። ሎሚ ለሚጨምቁ ልጆች ይህንን ይንገሯቸው።

ቡና ላይ የምንጨምረው ጤና አዳምም ፀሐይ ላይ ቆዳን የማቃጠል ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ እሱና ሎሚ አንድ የእፅዋት ቤተሰብ ናቸውና። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። 

በብርቱካንዎ ወይም በሎሚዎ ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ካዩ ቀረብ ብለው ይመልከቱ፤ የቢራቢሮ አባጨጓሬ ነው። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነኩት ከራሱ ላይ ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ ይሸታል። ትልቅ ዛፍ ይችለዋል፤ ትንሽ ችግኝን ግን ያራቁተዋልና በእጅዎ ይልቀሙት።

ካልሆነስ?

ብርዱ ብርቱካን ከከለከለዎ የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ካዝሚርን ያስቡ። አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን ከብርቱካን ይልቅ ብርድ ይችላል፤ ሥጋው ለስላሳና ጣፋጭ ነው። ዘሩ ግን አይበላም። ዛፉም ከ10 ሜትር በላይ ሊያድግ ስለሚችል ከቤትዎ መሠረትና ከጎረቤት አጥር ራቅ አድርገው ይትከሉት።