ኦክሲጅን ሲያንስ የተከላካይ ሕዋሳት ጂኖች እንዴት ይነቃሉ?

በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚህ ውስጥ የኦክሲጅን ድርሻ 21 በመቶ፣ ማለትም 160 ያህል ነው። ይህ ግፊት ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሕዋሳት ሲሻገር እየቀነሰ ይሄዳል፤ በብዙዎቹ የሰውነት ክፍሎች ከ20 እስከ 40 ይደርሳል። ባክቴሪያ ባመረቀዘው ቁስል ውስጥ ደግሞ ከ10 በታች ሊወርድ ይችላል። ነጭ የደም ሕዋሳት የሚዋጉት ግን በዚሁ ሥፍራ ነው። እንዴት ይችሉታል?

በጂን ላይ ያለው መመሪያ ተገልብጦ ፕሮቲን ሲሠራበት ጂኑ ተገለጠ እንላለን። ሕዋሳት ኤች አይ ኤፍ-1 አልፋ የተባለ ፕሮቲን ያለማቋረጥ ይሠራሉ፤ ኦክሲጅን በበቂ መጠን ሲኖር ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያፈርሱታል። አንድ ኤንዛይም ራሱን ኦክሲጅኑን ተጠቅሞ በፕሮቲኑ ላይ የ«ይፍረስ» ምልክት ያኖርበታል። ኦክሲጅን ሲያንስ ምልክቱ አይደረግም፤ ፕሮቲኑ ተጠራቅሞ ወደ ኒውክለስ ይገባል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችንም ያነቃል። ሠርቶ ማፍረስ ብክነት ቢመስልም ጥቅሙ ፍጥነት ነው፤ ችግር ሲመጣ ማፍረሱን ማቆም ብቻ ይበቃልና። ይህን የኦክሲጅን መቆጣጠሪያ ሥርዓት የገለጹት ሴሜንዛ፣ ራትክሊፍና ኬሊን እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ማክሮፋጅ የተባሉት ባክቴሪያ ዋጭ ሕዋሳት በዚህ ጊዜ ግሉኮስ ማስገቢያ በሮችን ያበዛሉ፤ አዲስ የደም ሥር የሚያበቅል ፕሮቲንም ያመነጫሉ። ያለ ኦክሲጅን ከአንድ ግሉኮስ የሚያተርፉት 2 ኤቲፒ ብቻ ነው፤ በኦክሲጅን ግን 30 ያህል ይገኝ ነበር። ስለዚህ ብዙ ግሉኮስ ያስፈልጋቸዋል። ኒውትሮፊሎች በበኩላቸው ዕድሜያቸው ይረዝማል። ይህ ባክቴሪያን ለመግደል ይጠቅማል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ጤናማውን አካል ያቆስላል።

እንግዲህ ለተከላካይ ሕዋሳት የኦክሲጅን ማነስ እጦት ብቻ ሳይሆን የሥራ ትእዛዝም ነው። ከዚህ የሚከተለው ለቤተ ሙከራም ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነው። በባሕር ጠለል አካባቢ ባሉ ቤተ ሙከራዎች ሕዋሳት በተለመደው ማሳደጊያ ሣጥን ውስጥ ሲያድጉ፣ በሣጥኑ አየር ያለው የኦክሲጅን ግፊት 140 ገደማ ነው። በዚያ ሁኔታ የተፈተነ መድኃኒት በቁስል ውስጥ ካሉት ሕዋሳት ጋር ሲገናኝ ሌላ የጂን አገላለጥ ሊገጥመው ይችላል። ስለዚህ ስለ ሕዋሳት የተደረገ ሙከራ ውጤት ስናነብ አስቀድመን እንጠይቅ፦ የኦክሲጅኑ ግፊት ስንት ነበር?